በላፕቶፔ ላይ የሠራ ኮድ

ደብረ ታቦር ተቀምጬ የምጠግናት አንዲት ትንሽ የኦፕን ሶርስ ላይብረሪ አለች። አንድ ፕሮግራም ሥራውን ከፋፍሎ በኮምፒውተሩ ኮሮች ላይ ጎን ለጎን እንዲያስኬድ ታግዘዋለች። በሙያው ትሬድ የምንላቸውን ትፈጥራለች፣ ተራ ታስጠብቃቸዋለች፣ ሲጨርሱም በሥርዓት ታሰናብታቸዋለች። የጀመርኳት እኔ አይደለሁም። የጀመራት ሌላ አገር የሚኖር፣ በአካል አይቼው የማላውቅ ፕሮግራመር ነው። ጊዜ ሲያጥረው ጥገናውን ለሚረከብ ፈቃደኛ እንደሚያስረክብ አስታወቀ፤ እኔም ተረከብኩ።

የተረከብኳት ለራሴ ጉዳይ ብዬ ነበር። እስቴ አካባቢ የሚያገለግል ዲያቆን ወዳጅ አለኝ። የደብሩን የብራና መጻሕፍት በስልኩ ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሳል። እኔ ደግሞ የተንጋደደውን ገጽ የሚያቃና፣ ጥላውን የሚያጠራና መጠኑን የሚያስተካክል ፕሮግራም ጽፌለት ነበር። አንድ ወፍራም ብራና ሲመጣ ሥራው ለኮሮቹ ካልተከፋፈለ ሰዓታት ይፈጃል፤ መብራት በመጣና በሄደ ቁጥር የሚቋረጥ ሰው ደግሞ ሰዓታት የለውም።

ያን ጊዜ ስለ ኮድ የነበረኝ እምነት ቀላል ነበር። ኮምፓይል ከሆነ፣ ከሮጠና ደጋግሞ ትክክለኛ ውጤት ከሰጠ ትክክል ነው። ሊኑክስ ላይ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ተቀብሎት፣ ሙከራዎቹ ሁሉ ካለፉለት፣ ሌላው ኮምፓይለር የሚያነሳው ቅሬታ ሁሉ የዚያ ኮምፓይለር ጠባይ ይመስለኝ ነበር። ለብዙ ዓይነት ኮድ ይህ እምነት ያን ያህል አይጎዳም። የደመወዝ ቀመር ወይም የተማሪ ውጤት የሚደምር ፕሮግራም ዛሬ ትክክል ከደመረ ነገም ትክክል ይደምራል። በትሬድ ሥራ ግን እንዲህ አይደለም፤ ይህን ለመረዳት አንድ ስልክ አስፈለገኝ።

ወዳጄ ፕሮግራሙን እዚያው በስልኩ ላይ ማስኬድ ፈለገ፤ ላፕቶፕ ተሸክሞ ገጠር መውጣት አይመቸውማ። ተርመክስ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫንኩለት፤ በእሱ በኩል ክላንግ የተባለውን ኮምፓይለር ማግኘት ይቻላል። ላይብረሪዋ ያለ አንዲት ማስጠንቀቂያ ኮምፓይል ሆነች፣ ገጾቹም እየተቃኑ መውጣት ጀመሩ። ከብዙ ገጽ መካከል ግን አልፎ አልፎ አንዱ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ያንኑ ገጽ ብቻውን መልሰን ስናስኬደው ጤነኛ ነው። «ስልኩ ነው ወይስ ያንተ ፕሮግራም?» አለኝ ወዳጄ። ሲደጋገም ጠፍቶ ሳይደጋገም የሚመጣ ስህተት ለፕሮግራመር ከሁሉ የከፋ ነው።

ምክንያቱ የተገኘው በላይብረሪዋ አሮጌ ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ ትሬድ ምስሉን አዘጋጅቶ ሲጨርስ «ዝግጁ» የምትል ምልክት ከ0 ወደ 1 ይለውጣል። ሌላው ትሬድ ምልክቷን እያየ ይጠብቅና 1 ስትሆን ምስሉን አንስቶ ይሠራበታል። የቀድሞው ጸሐፊ ምልክቷን ቮላታይል ብሎ አውጇታል። ሰውየው ይሠራ የነበረው በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ ቪዥዋል ስቱዲዮ ጀምሮ፣ የሲ ፕላስ ፕላስ ስታንዳርድ የማይሰጠውን ዋስትና ለቮላታይል ጨምሮለታል፤ ከምልክቷ በፊት የተጻፈው ሁሉ ምልክቷ ከመታየቷ በፊት ለሌሎቹ ይታያል የሚል። ስለዚህ ሰውየው አልተሳሳተም። የጻፈው የያዘው ኮምፓይለር በሰነዱ የፈቀደለትን ነው።

ጂሲሲ ግን ይህን ዋስትና አይሰጥም። ታዲያ ላፕቶፔ ላይ እንዴት ሠራ? የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች አንድ ኮር በተከታታይ የሚጽፈውን ለሌሎቹ ኮሮች የሚያሳዩት በተጻፈበት ቅደም ተከተል ስለሆነ ነው። ኮምፓይለሩ ያልገባውን ቃል ፕሮሰሰሩ ይፈጽምለት ነበር። የስልኩ ኤአርኤም ፕሮሰሰር ይህ ግዴታ የለበትም፤ ለፍጥነት ሲል በኋላ የተጻፈችውን ምልክት አስቀድሞ ሊያሳይ ይችላል። ጠባቂው ትሬድ «ዝግጁ» የሚለውን አይቶ ይነሳል፣ የምስሉ ግማሽ ግን ገና አልደረሰም። ወዳጄ ያየው ጥቁር ገጽ ይኸው ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ላፕቶፔ ላይ ኤአርኤምን በሚያስመስለው ኪዩኢኤምዩ ሞከርኩት። ስህተቱ አልታየም። የሚያስመስለው ፕሮግራም ራሱ የሚሮጠው በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ስለሆነ የኢንቴልን ጥብቅ ቅደም ተከተል ይወርሳል፤ የፈለግሁትን ስህተት ሸሽጎ የሚያሳየኝ ጤነኛ ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት በማስመሰያ ለሚፈልግ ሁሉ ይህን መናገር እወዳለሁ፤ በእጅ ያለ ተራ ስልክ ከማስመሰያው ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

የአስተሳሰቤን መሠረት ያናወጠው ግን ስልኩ ብቻ አልነበረም። ትሬድ ሳኒታይዘር የሚባል መሣሪያ አለ፤ ከጎግል መሐንዲሶች እጅ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ክላንግ፣ በ2013 ወደ ጂሲሲ የገባ። ፕሮግራሙን ከ5 እስከ 15 እጥፍ ያዘገየዋል፣ ሜሞሪም ይበላል። ያንኑ አሮጌ ኮድ በላፕቶፔ ላይ በዚህ መሣሪያ አስኬድኩት። ገጹ አልጠቆረም፣ ውጤቱ ሁሉ ትክክል ነበር፤ መሣሪያው ግን በመጀመሪያው ሩጫ ያችን መስመር አወጣት። ሁለት ትሬዶች አንዱን ምስል በመካከላቸው ምንም የታወቀ ሥርዓት ሳይኖር ይነኩታል ብሎ የሁለቱንም መስመር ቁጥር ጻፈልኝ። መሣሪያው የሚመረምረው ማሽኑ ምን እንዳደረገ አይደለም፤ ስታንዳርዱ ምን እንደሚል ነው። አንድም ቀን ባልተሳሳተበት ማሽን ላይ ያ ኮድ ስህተት ነበር። ማያ ገጹ ፊት ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። «ሠርቷል» ብዬ ያሳለፍኩት ስንት ኮድ እንዳለ እያሰብኩ ነበር።

ያኔ ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ፤ የድጓ ተማሪ ነበር። ደቡብ ጎንደር በዚህ የከበረች አገር ናት። ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ዙር አባ ለዝማሬና ለመዋሥዕት፣ ደብረ ታቦርም ለተክሌ አቋቋም ስማቸው ይጠራል። ድጓው ያው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ አዜማሙ ግን ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እየተባለ ይለያል። ወንድሜ ከየኔታው እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ ተምሯል፤ ማኅሌት ቆሞ ሲያዜምም ሰሚው ሁሉ ይመርቀው ነበር። ቤተልሔም ሲደርስ ግን በገዛ እጁ የጻፈው ድጓ ከነምልክቱ ይታረም ጀመር። ዜማው ላይ እንዳልተሳሳተ ሊያስረዳ ቢሞክር መምህሩ «ዜማህን ሰምተነዋል፤ አሁን መጽሐፉን አምጣው» አሉት። ቤት ሲመለስ ይህን የነገረን በቅሬታ አልነበረም። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ በደንብ የሚያዜም ሰው መጽሐፉ ለምን እንደሚፈተሽ አልገባኝም። አሁን ሳስበው ጂሲሲ፣ ክላንግና የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር አንዱን መጽሐፍ በየራሳቸው አዜማም የሚሉ ናቸው። እኔ አንዱን አዜማም ይዤ መጽሐፉን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ መጽሐፉን፣ ማለትም ስታንዳርዱን፣ አነበብኩ። ለረጅም ጊዜ መጽሐፉ ራሱ ስለ ትሬድ አያነሳም ነበር። ፖዚክስ የሚባለው የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ስታንዳርድ የትሬድ ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ ትሬድ ለሲ ቋንቋ የመጣው ከውጭ፣ በላይብረሪ በኩል ነው፤ ቋንቋው ራሱ ስለ ትሬድ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሃንስ ቦህም «ትሬድ በላይብረሪ ብቻ ሊሠራ አይችልም» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ አወጣ። ክርክሩ ይህ ነው። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ ባለ አንድ ትሬድ ነው ብሎ ካሰበ፣ ፕሮግራመሩ ባልነካው ቦታ ላይ እንኳ በራሱ ፈቃድ ሊጽፍ ይችላል፤ ለብቻው ለሚሮጥ ፕሮግራም ምንም ጉዳት የለውም፣ ጎን ለጎን ለሚሮጡ ግን የሌላውን ሥራ ያበላሻል። ላይብረሪው የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ ኮምፓይለሩ ሕጉን ካላወቀ ዋስትና የለም። ሕጉ በሲ ፕላስ ፕላስና በሲ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አቶሚክ የሚባሉት ተለዋዋጮች ያን ጊዜ መጡ፤ እኛም ያችን «ዝግጁ» ምልክት አቶሚክ አድርገን፣ የሚጽፋት ትሬድ በመልቀቂያ፣ የሚያነባት ደግሞ በመቀበያ ሥርዓት እንዲይዛት አደረግን። ጥቂት ቃላት ብቻ ተለወጡ። ጥቁር ገጽ ከዚያ ወዲህ አልታየም፤ አሁን ግን አልታየም በሚለው ላይ አልተማመንም፣ ትሬድ ሳኒታይዘሩም ዝም ማለት አለበት።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ኮምፓይለሮች የማይበት ዓይን ተለወጠ። የሚያጉረመርመውን ኮምፓይለር ዝም ለማሰኘት ማስጠንቀቂያውን ማጥፋት ትቼ፣ ስታንዳርዱ ላይ የቱን አንቀጽ እያስታወሰኝ ነው ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ከእኛ በፊት የነበሩትንም ማንበብ ጀመርኩ። ቤን ኤሊስተን እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው፣ ሮስ ጆንሰንም ለዓመታት የጠገነው፣ የፖዚክስ ትሬድን ወደ ዊንዶውስ ያመጣ ላይብረሪ ነበር። ያ ላይብረሪ የሚወጣው በአንድ ፋይል አልነበረም። ለማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ሦስት ዓይነት፣ ለጂሲሲ ደግሞ ሌላ ሁለት ዓይነት ነበረው። ይህ ሁሉ የመጣው «አንድን ትሬድ መሐል ላይ ብናቋርጠው የያዘውን ዕቃ ማን ያጸዳል?» ከሚል አንድ ጥያቄ ነው። በሲ መንገድ የሚያጸዳ አለ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ መንገድ የሚያጸዳ አለ፣ በዊንዶውስ የራሱ መንገድ የሚያጸዳም አለ፤ ተጠቃሚው ለኮዱ የሚስማማውን ካልመረጠ ያልተለቀቀ ቁልፍና ያልተዘጋ ፋይል ይቀራል። መጀመሪያ ሳየው የተዝረከረከ ሥራ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ሰዎቹን አከብራቸዋለሁ። ልዩነቱን ከመደበቅ ይልቅ በየፋይሉ ስም ላይ ጽፈውት ነው ያስረከቡት።

እኛ ግን ማቋረጥን ከነጭራሹ ተውነው። አንድሮይድ ላይ ያለው የሲ ላይብረሪ የፖዚክሱን ማቋረጫ ጭራሽ አልያዘም፤ ስልኩን የሚይዝ ላይብረሪ እሱን መሠረት ሊያደርግ አይችልም። በምትኩ ትሬዱ «ሥራህን አቁም» የሚል ጥያቄ ይደርሰዋል፣ በሚመቸው ቦታ ላይ አይቶ ራሱ ይወጣል። ሲ ፕላስ ፕላስ 20 ስታንዳርድ ያደረገውም ይህንኑ ነው። የላይብረሪዋን በርም በተራ ሲ አደረግነው። በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር የተሠራ የሲ ፕላስ ፕላስ ዕቃ ሚንጂደብሊው በሚባለው የዊንዶውስ ጂሲሲ ከተሠራ ፕሮግራም ጋር አይጋጠምም፤ ስሞቹን የሚጽፉበት መንገድ ይለያያል። ሲ ግን ሁሉም የሚስማሙበት ነው። ሚንጂደብሊው ራሱ በተለምዶ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በፖዚክስ፣ ሌላው በዊንዶውስ የትሬድ ሥርዓት የተሠራ። በሁለተኛው ላይ የሲ ፕላስ ፕላስ ትሬድ ጭራሽ የጠፋበት ዘመን ረጅም ነበር። ይህን ሳያውቅ «ኮምፓይለሬ ተበላሽቷል» ብሎ የሚጽፍልን ተማሪ አይጠፋም፤ እኔም ሁልጊዜ በትዕግሥት እመልሳለሁ፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለምና።

የቁልሉ መጠን ጉዳይም አለ፤ ስታክ የምንለው። በተለመደው ሊኑክስ አንድ ትሬድ ብዙውን ጊዜ 8 ሜጋባይት ያገኛል። ማክ ላይ ከዋናው ውጭ ያሉት 512 ኪሎባይት ያገኛሉ። አልፓይን በሚባለው ትንሹ ሊኑክስ ላይ ያለው መስል የተባለው የሲ ላይብረሪ የሚሰጠው 128 ኪሎባይት ብቻ ነው። ላፕቶፔ ላይ በደስታ የሚሮጥ ኮድ እዚያ ሲደርስ ያለ አንዲት ቃል ይወድቃል። ማንም ስታንዳርድ 8 ሜጋባይት ይሰጥሃል ብሎ ቃል አልገባም። አሁን ላይብረሪዋ የምትፈልገውን ራሷ ትጠይቃለች።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህ ሁሉ ተፈተነ። ኦፕን ሶርስ የሚጠግን ሰው ዛሬ በየኮምፓይለሩ የሚሞክርለት ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር ነው፤ ኮዱን ትልካለህ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ምን እንደሆነ ይነግርሃል። ያ ቀረ። በእጄ የቀረው ሃርድ ዲስኬ ላይ የነበሩት ጂሲሲ፣ ክላንግና ሚንጂደብሊው፣ ከእነሱም ጋር አንድ ማያ ገጹ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነበር። የጉና ተራራ ብርድ በሚወርድበት ሌሊት መብራት ካለ ትሬድ ሳኒታይዘሩን እለቀዋለሁ፤ መብራት ከጠፋ ባትሪው ሩጫውን ሳይጨርስ ያልቃል። ያን ወቅት በጥሩ ጎኑ ላነሳው አልፈልግም፤ ሰው የቤተሰቡን ድምፅ ሳይሰማ የከረመበት ጊዜ ነው። በሥራው ረገድ ግን ስታንዳርዱን በእርጋታ፣ መስመር በመስመር ያነበብኩት ያኔ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚገኝ ዳኛ እሱ ብቻ ነበር። የሲ ፕላስ ፕላስ ስታንዳርድ ረቂቅ ኮምፒውተሬ ላይ መኖሩ ዕድል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድማችሁ አውርዳችሁ አስቀምጡ እላለሁ፣ በተለይ ተማሪዎችን።

ሁሉን ማቀፍ ግን አይቻልም። ከብዶኝ የወሰንኩት ዊንዶውስ ኤክስፒን ለመተው ነው። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ቢሆንም በየከተማው ፎቶ ኮፒ ቤት ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሲያገለግል አይቻለሁ፤ እነዚያ ቤቶች ለብዙ ሰው ብቸኛው ኮምፒውተር ናቸው። ኤክስፒ ላይ ግን አንድ ትሬድ ሌላውን ቀስቅሶ የሚያስነሳበት ኮንዲሽን ቫሪያብል የሚባለው መሣሪያ የለም፤ የመጣው ከቪስታ ጋር ነው። ከሌሎች ዕቃዎች አገጣጥሞ መሥራት ይቻላል። ዳግላስ ሽሚትና ኢርፋን ፒያራሊ ስለዚህ በጻፉት ጽሑፍ ላይ እያንዳንዱ አቋራጭ የት እንደሚጎዳ ይታያል። አንዱ መንገድ ሁሉን ቀስቅስ ሲባል አንዱን ይረሳል፣ ሌላው ኋላ የመጣው ቀድሞ የጠበቀውን ተራ እንዲሰርቅ ያደርጋል። ተረክቤ የነበረው የላይብረሪዋ የኤክስፒ ክፍል ከእነዚህ በአንደኛው ላይ የቆመ ነበር። በትክክል ልጠግነው ጊዜውም ማሽኑም አልነበረኝም። ስለዚህ አወጣሁት፣ «ከዚህ እትም ጀምሮ በኤክስፒ አይሠራም» ብዬም በግልጽ ጻፍኩ። ለኤክስፒ ተጠቃሚው የቀድሞው እትም እንዳለ ይቀመጣል። ልቤ ላይ ከብዶኛል፤ ግን በማላረጋግጠው ነገር «ይሠራል» ማለት ከዚያ ይከፋል።

ላይብረሪዋ በየዓመቱ እያነሰች ነው፣ ይህም ደስ ይለኛል። ስታንዳርዱ የያዘውን እኛ ደግመን አንጽፍም። ቡስት በተባለው የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪዎች ፕሮጀክት ውስጥ ያለው የትሬድ ላይብረሪም በዚሁ መንገድ አልፏል። መጀመሪያ የጻፈው ዊሊያም ኬምፍ ነበር። በኋላ አንቶኒ ዊሊያምስ ኮዱ በፕሮጀክቱ የጋራ ፈቃድ ሊወጣ እንዲችል እንደ አዲስ ጻፈው። ያ ሥራ እየተሠራ ሳለ የስታንዳርድ ኮሚቴው በትሬድ ላይ ይወያይ ስለነበር ሁለቱ እየተቀራረቡ ሄዱ። ዛሬ ከዚያ የሚበልጠው ክፍል በእያንዳንዱ ኮምፓይለር ውስጥ አለ፣ ማንም የማንንም ስም ሳያውቅ ይጠቀምበታል።

አሁን ለእያንዳንዱ እትም የማወጣው ማስታወሻ ሦስት ክፍል አለው። በየትኛው ኮምፓይለርና በየትኛው ማሽን ላይ እንደተሞከረ፣ በትሬድ ሳኒታይዘር አልፎ እንደሆነ፣ ያልተሞከረውስ የትኛው እንደሆነ። በኤአርኤም ፕሮሰሰር የሚሠራ ዊንዶውስ ባለፈው እትም ላይ ያለው በሦስተኛው ክፍል ነው። ማይክሮሶፍት ለቮላታይል የሚሰጠው ተጨማሪ ዋስትና በዚያ ማሽን ላይ በነባሪው ተግባራዊ አይሆንም፤ ስለዚህ ከአሮጌው ኮድ የተረፈ ነገር ካለ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ማሽኑ የለኝም። ያለው ሰው ሙከራዎቹን አስኪዶ ያገኘውን፣ አለፈም ወደቀም፣ ቢልክልኝ በደስታ እቀበላለሁ።